ለዶሮ ነው የተባለው አጥር

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት መምህርት ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ባሕር ዳር፣ እናቴ ባወረሰችኝ ነባር ይዞታ ላይ እኖራለሁ። ግቢያችንን ከጎረቤታችን የሚለየው የሰንሰል አጥር ነው። ማን እንደተከለው አላውቅም፤ ነፍስ ሳውቅ እዚያው ነበር። መሃል ላይ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለው። እሳት ሲጠፋ ፍም፣ ሰው ሲታመም አጥሚት፣ ቡና ሲፈላ ልጅ የሚላከው በዚያ በኩል ነበር።

ጎረቤታችን እማማ (ስማቸውን ልተወው) ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የእናቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። እናቴ በታመመችበት ጊዜ ከእኔ ጋር ሌሊት እየተፈራረቁ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት ጠላ እየጠመቁ ነው። ከአጥሩ ሥር በእነሱ በኩል ጌሾ ተክለዋል፤ ለጥንስሱ የሚሆነውን ከዚያው ነው የሚቆርጡት።

ችግሩ የተጀመረው በዶሮዎቻቸው ነው። ጓሮዬ ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አለኝ። ዶሮዎቹ በአጥሩ ሥር እየሾለኩ ችግኙን ጭረው ይጨርሱታል። ስነግራቸው «እሺ ልጄ፣ እዘጋቸዋለሁ» ይላሉ፤ ጥቂት ቀን ይዘጓቸውና መልሰው ይለቋቸዋል። ባለቤቴ በዶሮዎቹ ተማርሮ የብሎኬት አጥር እንሥራ አለ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር አለ። ጠላ ጠጪዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ከአጥሩ ጥግ ነው። ትልቋ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሞቅ ያላቸው ሰዎች ይጣሯታል፣ ያልሆነ ቃል ይናገሯታል። አሁን ብቻዋን ጓሮ መውጣት ትታለች። ይህንን ግን ለእማማ አልተናገርኩም። እንጀራቸው ነውና ምን ብዬ ልናገር?

ባለፈው ወር 450 ብሎኬትና ሲሚንቶ ገዛን። መኪናው ሲያራግፍ አይተው «ምን ልትሠሩ ነው?» አሉኝ። «ለዶሮዎቹ አጥር» አልኳቸው። ዝም አሉ። በማግስቱ ግንበኛው መጥቶ ችካል ተክሎ ሲባጎ ሲወጥር ሲባጎው በጌሾዋቸው ላይ አለፈ። በረንዳቸው ላይ ቆመው አይተው ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና ብጠራቸው አይመጡም፤ እድር ላይ ስንገናኝ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ክፍተቱንም በእሾህ ዘጉት። ዱባይ የሚሠራው ልጃቸው ደውሎ «የእናቴን መሬት ልትገፉ ነው፤ አንዲት ስንዝር የነካ በሕግ እጠይቀዋለሁ» አለን። ባለቤቴ ተቆጣ። «ካርታ አለን፤ በካርታው መሠረት ወሰናችን ከሰንሰሉ ግማሽ ሜትር ያህል አልፎ ነው፤ ካርታው ይፍረድ» ይላል። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሲሚንቶውም ሳይበላሽ ሥራውን ለመጨረስ ቸኩሏል። እኔ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። ምን ላድርግ?

ወሰንተኛዋ፣ ከባሕር ዳር


የአማካሪው መልስ

እህቴ፣ የዶሮዎቹን ጉዳይ ከእነ ቆስጣው ከእነ ሰላጣው ዘርዝረሽ ጻፍሽ። ልጅሽን ግን «ሌላም ነገር አለ» ብለሽ ከዶሮዎቹ በኋላ አስገባሻት፤ ቶሎ ብለሽም አለፍሻት። እኔ ከደብዳቤሽ ውስጥ የያዘኝ እዚያ ላይ ያለው ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በገዛ ግቢዋ ልብስ ማስጣት ፈርታለች። የቀረው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

እማማም የገባቸው ይመስለኛል፤ የገባቸው ግን ምክንያቱ ሳይሆን ምክንያት መደበቁ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ ሴት ናቸው። ዶሮን ለመከልከል በአጥሩ ሥር የሽቦ መረብ መዘርጋት ወይም እሾህ መጎዝጎዝ እንደሚበቃ ከአንቺም ከእኔም በላይ ያውቃሉ። 450 ብሎኬት በዶሮ ምክንያት ሲራገፍ አይተው «እውነት ነው» ብለው ሊቀበሉ አይችሉም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈልገዋል። ምን ያገኙ ይመስልሻል? ምናልባት «በጠላ ቤቴ አፈሩ» ብለዋል። ምናልባት «እናትየዋ ካለፈች ወዲህ እኔን ምን ያደርጉኛል» ብለዋል። ወይም ልጃቸው እንዳለው መሬታቸውን ልትወስዱ ነው። አንቺ እንዳይከፋቸው ብለሽ የዋጥሽው ነገር ቦታው ባዶ ቀረና ከእውነቱ የከፋ ነገር ሞላበት።

ለምን እንዳልነገርሻቸው ይገባኛል። በጠላ የምትተዳደር ባልቴት ቤት ሄዶ «ደንበኞችሽ ልጄን ያስቸግራሉ» ማለት ቀላል አይደለም። እንጀራቸውን እንደመንካት ይቆጠራል ብለሽ ፈርተሻል። ግን እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው። እናትሽን ሌሊት ቁጭ ብለው ያስታመሙ ሴት፣ ያቺው ወዳጃቸው የልጅ ልጇ በእሳቸው ደጅ እንደምትሰደብ ከሌላ ሰው ቢሰሙ፣ አንቺም እያወቅሽ ደብቀሻቸው እንደነበር ቢረዱ ምን ይሰማቸዋል? የበለጠ የሚያዋርዳቸው የትኛው ነው? ጋኑ አጠገብ ሆነው ሲያጠሉና ሲቀዱ፣ በአግዳሚው በኩል የሚባለውን ላይሰሙም ይችላሉ። ሰምተው ዝም ያሉ ከሆነም እሱን ማወቅ ይጠቅምሻል፤ ያኔ የምትነጋገሩት ነገር ሌላ ይሆናል። እኔ ግን ስገምት፣ ቢሰሙ ማማሰያውን ይዘው ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው።

ወደ እሳቸው ከመሄድሽ በፊት ግን ከልጅሽ ጋር ቁጭ በዪ። ማን ነው የሚናገራት? አንድ ሰው ነው ወይስ የመጣው ሁሉ? ከግቢው ውጭ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ የሚጠብቃት አለ? ይህን ጥያቄ ያለ ቁጣ ጠይቂያት፤ ልጆች እናት ስትደነግጥ ካዩ ግማሹን ይውጡታል። ነገሩ ከአጥር ማዶ በሚወረወር የስካር ቃል ካበቃ መላው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የሚከታተላት፣ የሚነካት ወይም የሚያስፈራራት ሰው ካለ ግን ስለ አጥር ማውራት አቁሙና ለፖሊስ ንገሩ፤ የብሎኬት ግንብ መንገድ ድረስ አብሯት አይሄድም።

ሌላም ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ ስለ ልጃችሁ ያውቃል? በደብዳቤሽ ላይ እሱ የተማረረው በዶሮዎቹ ነው። የማያውቅ ከሆነ የሚሠራው ሌላ አጥር፣ አንቺ የምትፈልጊው ሌላ አጥር ነው፤ ለዚህም ነው በመለኪያውም በአጣዳፊነቱም ሳትስማሙ የምትቀሩት። ቢያውቅ ወጥቶ ይጣላል ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል፤ እውነትሽንም ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ እማማ ከእሱ ቀድመው ማወቃቸው አይገባም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ንገሪው፤ «ለጥቂት ቀን ለእኔ ተወኝ፣ መጀመሪያ እኔ ላናግራቸው» ብለሽም ቃል አስገቢው።

ከዚያ እማማ ዘንድ ሂጂ። ብቻሽን፣ ጠጪ በሌለበት ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ክፍተቱን በእሾህ ዘግተውታልና በዋናው በር ዞረሽ አንኳኪ፤ እሾሁን ገፍተሽ እንዳትገቢ። ቡና ወደ ቤትሽ መጥራትሽን ተዪው። የተቀየመ ሰው የተቀየመበት ቤት ቡና አይጠጣም። ጥሬ ቡናውን አንቺ ይዘሽ ሂጂና እሳቸው ቤት ይፈላ። ባለቤትሽን፣ ካርታውን፣ ልጃቸው በስልክ ያለውን የዚያን ቀን አታንሺ። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ ነበር የምጀምረው፦ «እማማ፣ አጥሩን ለዶሮ ነው ያልኩዎት እውነቱን መናገር አፍሬ ነው። ልጄ ጓሮ ስትወጣ ከጠጪዎቹ አንዳንዱ ያልሆነ ነገር ይናገራታል። እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ዝም አልኩ፤ ይኸው ባሰ። ጌሾዎ ላይ ሲባጎ ከመወጠሩ በፊት መጥቼ ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።» እዚያ ላይ ዝም በዪ። ማብራሪያ አትጨምሪ። ቢያለቅሱም ቢቆጡም ጊዜ ስጫቸው። «አግዳሚው ከአጥሩ ይነሳ» የሚለውን ሐሳብ ራሳቸው ቢያመጡት ከአንቺ አፍ ከሚወጣ ይሻላል፤ ካላመጡት በለሆሳስ ጠይቂያቸው። አግዳሚውን ወደ መንገዱ በኩል ማዞር ከብሎኬቱ ጋር ሲነጻጸር ምንም ወጪ የለውም። ለልጅሽም ግንቡ እስኪያልቅ ከመጠበቅ ያድናታል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ካርታ ልምጣ። «ካርታው ይፍረድ» ማለቱ ስህተት የለበትም። ወሰን በትዝታ ሲዳኝ ማለቂያ የለውም። ነገር ግን መሳቢያ ውስጥ ያለ ካርታና የግንበኛ ሲባጎ አንድ ላይ ሆነው ወሰን አያሳዩም። ግንበኛ ቀያሽ አይደለም። ሲባጎውን የወጠረው ባለቤትሽ «እዚህ ነው» ባለው ላይ ነው፤ እማማ ያዩትም ይህንን ነው። የእናንተን ካርታና የእነሱን ካርታ ይዛችሁ፣ ሁለታችሁም በተገኛችሁበት፣ የከተማው መሬት ነክ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጥቶ የወሰን ነጥቦቹን መሬት ላይ እንዲያሳያችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ሰፈራችሁ በካዳስተር፣ ማለትም የየይዞታው ወሰን ተለክቶ በሚመዘገብበት መዝገብ ተመዝግቦ ከሆነ ነጥቦቹ በመለኪያ መሣሪያ ተይዘዋልና ሥራው ይቀላል። ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በነባር ይዞታዎች ላይ ካርታውና መሬቱ ሳይገጥሙ መገኘታቸው ብርቅ ነገር አይደለም፤ የሁለት ጎረቤታሞች ካርታ እርስ በርሱ የሚደራረብበትም አለ። ግማሽ ሜትሩ የእናንተ ትርፍ ይሁን የካርታው ስህተት ከመለካቱ በፊት ማንም አያውቅም።

እስከዚያ ድረስ ሰንሰሉን እንዳትነኩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ካርታዎቹ ካልተስማሙ ለዘመናት የቆየው ያ አጥር ለሁለታችሁም ዋናው ምስክር ነው፤ ከተነቀለ በኋላ የት እንደነበር ሰው በማለ ቁጥር ይለያያል። ሁለተኛው ሕጉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ላይ፣ በይዞታው ላይ የነበረ ሰው ይዞታው ቢነጠቅ ወይም ሁከት ቢፈጠርበት፣ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲመለስለትና ሁከቱ እንዲወገድለት መክሰስ እንደሚችል ይደነግጋል። ጌሾው ለዓመታት በእማማ እጅ ያለ ነው። ባለቤትሽ ካርታው የእሱ ሆኖ እንኳ በራሱ ጉልበት ቢነቅለው፣ ዱባይ ያለው ልጅ በስልክ የዛተው ዛቻ እውነተኛ ክስ ይሆንለታል።

ስለዚያ ግማሽ ሜትር ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂው፤ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት መሆን አለበት። ወሰናችሁ 18 ሜትር ይረዝማል እንበል። ግማሽ ሜትሩ ሲባዛ 9 ካሬ ሜትር ነው፤ አልጋና ቁም ሣጥን የሚይዝ አንድ ጠባብ ክፍል ማለት ነው፤ እሱም ቀጭን ሆኖ የተዘረጋ። «የእኛ ሆኖ ቢገኝ በእርግጥ እንፈልገዋለን? ወይስ እልህ ነው? ደግሞስ በተቃራኒው ሰንሰሉ ወደ እማማ መሬት ገብቶ ቢገኝ እኛ ወደኋላ እንመለሳለን?» ለሁለተኛው ጥያቄ «አዎ» የሚል ከሆነ ለመጀመሪያው የፈለገውን ቢመልስ ችግር የለውም። ለሁለተኛው የሚያመነታ ከሆነ ግን የተቆጣው በካርታው አይደለም፤ በልጁ ስልክ ነው። ማን ነው በስልክ ተሰድቦ የማይቆጣ? ያ ቁጣ ግን በ9 ካሬ ሜትር አይበርድም።

ስለ ልጅየውም ልንገርሽ። ሩቅ አገር ያለ ልጅ እናቱ በስልክ ስታለቅስ ሲሰማ በእጁ ያለው መሣሪያ ዛቻ ብቻ ነው። መልስ አትስጡት፤ በድምፅ መልእክት መመላለስ ደግሞ ጨርሶ ይቅርባችሁ። ከእማማ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩት። ነገር ግን ከጉዳዩ ውጭ አታድርጉት። ምክንያቱም የእማማ ይዞታ በሟች ባለቤታቸው ስም ቆይቶ፣ ውርሱም ሳይጣራ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ልጆቹ ወራሾች ናቸውና ስለ ወሰኑ እናትየው ብቻቸውን የሚፈርሙት ስምምነት ነገ ሊናድ ይችላል። ልጁ በአገር ውስጥ የሚያምነውን ሰው ወክሎ ልኬታው ላይ እንዲገኝለት ብታደርጉ፣ እሱም ይረጋጋል፣ እናንተም በሙሉ ልብ ትሠራላችሁ።

አሁን የአጥሩን ሥራ እንየው፤ እዚህ ላይ የራሴ አስተያየት አለኝ። ሙሉው ወሰን በብሎኬት መዘጋት ያለበት አይመስለኝም። ልጅሽን የሚከልላት አግዳሚው ባለበት ጥግና ልብስ በሚሰጣበት በኩል ያለው ነው፤ ያ ምናልባት ስድስት ሰባት ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ብትሠሩ፣ የቀረውን ሰንሰል እንዳለ ትታችሁ ሳሳ ባለበት ሁሉ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ብትተክሉበት ክረምቱ ያበቅለዋል። ከሥሩ በእናንተ በኩል የሽቦ መረብ ብትዘረጉ የዶሮው ጉዳይ ያበቃል። የሚተርፋችሁ ብሎኬት ለሌላ ሥራ ይሆናል፤ ባለቤትሽ የከሰረ እንዳይመስለው ይህንንም አስሉለት። እሱ «የለም፣ ሙሉው ይሠራ» ካለም አልቃወመውም፤ የመኖሪያ ግቢን ማጠር ነውር አይደለም። እንዲያ ከሆነ ግን ክፍተቱ ባለበት ቦታ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ በር ይውጣለት። ከሁለቱም ወገን መቆለፍ የሚቻል ይሁን።

ግንበኛውን ልትጠይቁት የሚገባም አለ። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ከሥሩ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የድንጋይ መሠረት ይፈልጋል፤ መረሬ አፈር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ጠለቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ በጋ ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅ ግንቡም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንቡ ልክ ወሰኑ ላይ ከቆመ መሠረቱ የግድ ወደ እማማ መሬት ይገባል። ወይ የጋራ አጥር ነው ብላችሁ ተስማሙና ከሁለቱም ወገን እኩል ይውሰድ፣ ወይ ግንቡን ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት። ጌሾው የሚተርፈውም የማይተርፈውም በዚህ ውሳኔ ነው፤ ሥሩ ከተቆረጠ በኋላ ይቅርታ ቢባል ጥንስሱን አያነሳውም። አዲስ ችግኝ ተክሎ የሚቆረጥ እስኪሆን ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ከገበያ መግዛት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ሁለቱ የግድ መነሳት ካለበት፣ አዲሱን ችግኝ ሌላ ቦታ ተክላችሁ፣ ለጊዜው የሚያስፈልጋቸውን ጌሾ እናንተ ግዙላቸው።

ውሃውንም አትርሱ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ ግቢ ውስጥ ይተኛል። እስከ ዛሬ በሰንሰሉ ሥር እየሰረገ ያልፍ የነበረው ውሃ ግንብ ሲያጋጥመው ወደ አንዱ ቤት ይመለሳል። ወደ እማማ ጠላ ቤት ከተመለሰ ዘንድሮ የታረቃችሁት ለከርሞ ትጣላላችሁ። ከግንቡ ሥር ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ ወዴት እንደሚፈስም አብራችሁ እዩት። አጥርም ግንባታ ነውና ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ መጠየቁን ለግንበኛው አትተዉት። የተስማማችሁበትን ሁሉ ደግሞ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ወሰኑ የት እንደሆነ፣ አጥሩ የማን እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደቻለ። ሦስት ምስክር ይፈርምበት። እናንተ ብትፋቀሩም ልጆቻችሁ የሚዳኙት በዚያ ወረቀት ነው።

እማማ እንዳሰብኩት ባይቀበሉሽስ? ሊሆን ይችላል። የዚህን ያህል የቆየ ወዳጅነት በአንድ ጠዋት አይመለስም። የመጀመሪያው ቀን ቡናውን ተቀብለው ሁለት ቃል ብቻ ተናግረው ቢሸኙሽ እንደ እምቢታ አትቁጠሪው፤ ሳምንት ቆይተሽ ተመለሺ። ጭራሽ በሩን ከዘጉብሽ ሽማግሌ ላኪ። እናንተ አንድ፣ እነሱ አንድ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ደግሞ አንድ ምረጡ። የነፍስ አባታቸው ቢሆኑ መልካም ነው፤ የእድሩ ዳኛም ይሆናሉ። ጉዳዩ ግን በእድሩ ጉባኤ ላይ እንዳይነሳ አደራ፤ እዚያ ከተነሳ የልጅሽ ስም የሰፈሩ ወሬ ይሆናል። ለሽማግሌዎቹም ስለ እሷ የሚነገረው «ልጅ አለችን፣ ጠጪ ያስቸግራል» እስከሚለው ድረስ ብቻ ይሁን።

ሽማግሌውም ካልሆነ፣ ልኬታውም ከዘገየ አንድ መንገድ ይቀራችኋል። ከሰንሰሉ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ራሳችሁ ግቢ ገብታችሁ፣ ማንም ሊከራከርበት በማይችል መሬት ላይ፣ ልጅሽን የሚከልለውን ያህል ብቻ ገንቡ። ሰንሰሉም ጌሾውም ባሉበት ይቆማሉ። ባለቤትሽ «መሬት ለቀቅን» ማለቱ አይቀርም። አልለቀቃችሁም፤ በመካከል የቀረው መሬት የእናንተ መሆኑ ከተረጋገጠ ወደፊትም የእናንተው ነው፤ ጎመንም ይተከልበታል።

የባለቤትሽ ጥድፊያ ግማሹ ከሲሚንቶው የመጣ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በእሱ ልጨርስ። ብሎኬቱን ዝናብ አይጎዳውም፤ ቢከርምም አንድ ነገር አይሆንም። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ከነካው ከነከረጢቱ ድንጋይ ይሆናል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጣውላ ላይ ደርድሩት፤ ከግድግዳው አርቁት፤ በላስቲክ አጥብቃችሁ ሸፍኑት። ወራት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ፈልጉና ሽጡለት፤ ወይም አሁን አበድራችሁት ሲደርስ በአዲስ ይመልስላችሁ። ለግንበኛውም ዛሬውኑ ደውሉና ችካሉን ነቅሎ ሲባጎውን እንዲያነሳ ንገሩት። እማማ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ጌሾዋቸው ላይ እሱን እያዩ ከሆነ፣ አንቺ ቡና ይዘሽ ብትሄጂም የምትይውን አይሰሙሽም።